ልጅ እንደ ዳቦ አይጋገርም

በማይገመት የቤተሰብ ሕይወት ውስጥ እየተማሩና እየተስተካከሉ መኖር

“ሁለቱንም ያሳደግናቸው በአንድ ሥርዓት ነው፤ ታዲያ ይህኛው ለምን እንዲህ ሆነ?” ይህ ከብዙ ወላጆች አፍ የሚሰማ ጥያቄ ነው። አባትና እናት ያው ናቸው፤ ቤቱ ያው ነው፤ ማዕዱም የጸሎቱም ሰዓት ያው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጅ ተግሣጽ ሲሰማ የሚለሰልስ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ተግሣጽ የሚደነድን ሆኖ ይገኛል። ባለትዳሮችም ከዚህ የማይርቅ ጥያቄ አላቸው። በጋብቻ ትምህርት የሰሙትን ሁሉ በማስታወሻ ጽፈው፣ የተባሉትንም አድርገው፣ በአምስተኛው ዓመት ማንም ያልነገራቸው ችግር በራቸውን ያንኳኳል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ራሱን ይወቅሳል፤ አንዳንዱ የትዳር ጓደኛውን ይወቅሳል፤ አንዳንዱም “ከእንግዲህ ይህ ቤት አይቀናም” ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ምናልባት ችግሩ ያለው ከጥያቄው ሥር ይሆን? ቤተሰብን የምናየው በትክክል ከተከተሉት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት እንደሚሰጥ መመሪያ ከሆነ፣ ውጤቱ በተለየ ቁጥር ጥፋተኛ መፈለጋችን አይቀርም። ቤተሰብ ግን እንደዚያ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ሦስት ዓይነት ችግሮች

እ.ኤ.አ. በ2002 ሾሎም ግሉበርማንና ብሬንዳ ዚመርማን የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች ስለ አገራቸው የጤና አገልግሎት ማሻሻያ በጻፉት ጽሑፍ፣ ችግሮችን በሦስት ምሳሌዎች ለይተው አቅርበው ነበር። የመጀመሪያው ምሳሌ በተጻፈ መመሪያ ምግብ ማብሰል፣ ሁለተኛው መንኮራኩር ወደ ጨረቃ መላክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ልጅ ማሳደግ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ችግር በእኛ ቤት ለመረዳት ደፎ ዳቦን ማሰብ ይበቃል። የዱቄቱን መጠን፣ የሊጡን መቡካት፣ የኮባውን አነጣጠፍ፣ የላይና የታች እሳቱን የምታውቅ እናት ዛሬ የጋገረችው ካማረ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ያምርላታል። ሙያው ይለመዳል፤ ለሌላውም ይነገራል። ሁለተኛው ዓይነት አስቸጋሪ ነው። መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ለመላክ የብዙ ባለሙያዎች እውቀት፣ ብዙ ስሌትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሆኖም አንዱን መንኮራኩር በሚገባ የላከ ቡድን ሁለተኛውንም እንደሚልክ ያለው መተማመን ይጨምራል፤ መንኮራኩሮቹ በዋና ዋና ነገራቸው ይመሳሰላሉና።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይለያል። አንድ ልጅ ማሳደግ ልምድ ይሰጣል እንጂ ለሁለተኛው ልጅ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ልጅ ሌላ ሰው ነው። ወላጆቹም ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ሌሎች ሰዎች ሆነዋል። ደግሞም ሁለተኛው ልጅ የተወለደው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ባለበት ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ግን ብቻውን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ተመራማሪዎቹ ውስብስብ ይሉታል። በውስብስብ ነገር ውስጥ የባለሙያ ምክር ይረዳል፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም።

ምጣድ አያስብም፣ ሰው ግን ያስባል

ቤተሰብን የማይገመት የሚያደርገው ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት በውስጡ ያሉት ሰዎች የሚያስቡና የሚመልሱ መሆናቸው ነው። ምጣድ እሳት ሲነድበት ይሞቃል፤ እሳቱን ለምን እንዳነደዳችሁበት ግን አይጠይቅም። ልጅ ይጠይቃል። አባት የእጅ ስልክ ሲከለክለው ልጁ የአባቱን ሐሳብ ይገምታል፤ በአባቱ እጅ ያለውን ስልክ ያያል፤ ወደ ጓደኛው ቤት የሚሄድበትንም ሰዓት ያሰላል። አባት በልጁ ላይ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ልጁም በአባቱ ላይ አንድ ነገር ያደርጋል። ትናንት የሠራው ዘዴ ዛሬ የማይሠራው አንዳንድ ጊዜ ትናንት በመሥራቱ ነው፤ ልጁ ዘዴውን ተምሮታልና።

ሁለተኛው ምክንያት በቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻውን አለመለወጡ ነው። ባል ከሥራ ሲፈናቀል የሚጎድለው ደመወዙ ብቻ አይደለም። የሚስት ድካም፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ለእናት በየወሩ ይላክ የነበረው ገንዘብ፣ በማዕድ ላይ ያለው ጨዋታ ሳይቀር አብሮ ይናጋል። ሦስተኛው ምክንያት ውጤቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ዛሬ በልጅ ፊት የተነገረ የንቀት ቃል ከዓመታት በኋላ ልጁ በሚመሠርተው ትዳር ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ የማይገመት ከሆነ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት ነው? አይደለም። መመሪያ በማይሠራበት ቦታ መማር ይሠራል። ይህም እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ከሩቅ አገር እናምጣ።

በቬትናም መንደሮች የሆነው

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1990 ጄሪና ሞኒክ ስተርኒን የተባሉ ባልና ሚስት ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቬትናም ገቡ። የመጡት በሕፃናት አድን ድርጅት በኩል ሲሆን፣ የአገሪቱ መንግሥት የጠየቃቸውም በገጠር ተንሰራፍቶ የነበረውን የሕፃናት የምግብ እጥረት እንዲቀንሱ ነበር። አሜሪካ በቬትናም ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ ገና አልተነሣም፤ ስለዚህ አሜሪካውያኑን በጥርጣሬ የሚያይ ባለሥልጣን ብዙ ነበር። ውጤት ለማሳየት የተሰጣቸውም ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር የታወቀ ነው። ከውጭ ምግብ ይመጣል፤ ሕፃናቱም ክብደት ይጨምራሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ስለ ድህነት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ እጦት፣ ስለ ጤና ትምህርት ጉድለት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ሆኖም ጄሪ ስተርኒን ያንን ሁሉ “እውነት፣ ግን የማይጠቅም” ይለው ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ድህነትን ከአገር የሚያጠፋ ማንም የለምና።

ባልና ሚስቱ ከሃኖይ በስተ ደቡብ በታን ሆዋ ክፍለ ሀገር በአራት መንደሮች ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆነው ሕፃናቱን መዘኑ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በምግብ እጥረት የተጎዱ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ አንድ ያልተለመደ ጥያቄ ጠየቁ፦ “እጅግ ድሃ ከሆኑት ቤተሰቦች መካከል ልጃቸው ደህና የሆነላቸው አሉ?” መልሱ “አዎ፣ አሉ” የሚል ነበር። ባለጠጋ ዘመድ ያላቸውን ወይም የተለየ እርዳታ የሚያገኙትን ለይተው አወጡ። የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው ምንም የተሻለ ነገር ያልነበራቸው ቤተሰቦች ናቸው።

የመንደሩ ሰዎች ወደ እነዚህ ቤቶች ሄደው ተመለከቱ። ያገኙት ምን ነበር? እናቶቹ ከሩዝ ማሳው ውስጥ ትናንሽ ሽሪምፖችን፣ ሸርጣኖችንና ቀንድ አውጣዎችን ለቅመው፣ ከስኳር ድንች ቅጠል ጋር ለልጆቻቸው ምግብ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ምግቡ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን “ለሕፃን አይሆንም” ተብሎ ስለሚታመን ሌሎች አያቀርቡትም ነበር። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ወደ እርሻ ሲሄዱና ሲመለሱ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሲያበሉ፣ እነዚህ ግን ያንኑ መጠን ከፋፍለው ደጋግመው ያበሉ ነበር። የትንሽ ልጅ ሆድ ብዙ በአንድ ጊዜ አይዝምና። እጅ ማስታጠብንም አይረሱም ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መልሱ ተገኝቷል፤ ሕዝቡን ሰብስቦ መንገር ብቻ ይቀራል። ነገር ግን ስተርኒኖችና የመንደሩ ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። የተጎዱ ልጆች ያሏቸው እናቶች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በአንድ ጎረቤት ቤት ተሰባስበው አብረው እንዲያበስሉና እንዲያበሉ ሆነ። የመግቢያውም ዋጋ ከማሳው የተለቀመ እፍኝ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን፣ ከቅጠሉም ጥቂት ማምጣት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጆቹ ተመዘኑ። እናቶቹም ሚዛኑ ላይ የገዛ ልጃቸውን ለውጥ አዩ። ገና ያልተሻላቸው ደግመው ተካፈሉ።

በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በእነዚያ አካባቢዎች የምግብ እጥረቱ ከ65 እስከ 85 በመቶ ቀነሰ። ሥራውም ቆይቶ በ265 መንደሮች 2.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደሚኖርበት አካባቢ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሁሉ የሚያስደስተውን ነገር አሳየ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከዓመታት በኋላ በእነዚያው ቤቶች ያሉት ታናናሾች ፕሮግራሙ ካልደረሰባቸው መንደሮች ልጆች ይልቅ ደህና ሆነው ተገኙ። እናቶቹ የተማሩት ለአንዱ ልጅ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሽሪምፑን ሳይሆን ፍለጋውን

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆኑ አራት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ “ምን ጎደለ?” ከማለት በፊት “የት ቀንቶናል?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በጭቅጭቅ የተሞላ ትዳር እንኳ ጭቅጭቅ የሌለባቸው ቀናት አሉት። ከወላጆቹ ጋር የማይነጋገር ወጣት እንኳ የሚያወራበት ሰዓት ይኖራል፤ ምናልባት መኪና ውስጥ፣ ምናልባት ከአያቱ ጋር ቡና ሲፈላ። ያ ቀን ወይም ያ ሰዓት ለምን እንደተለየ ማወቅ የችግሩን ዝርዝር ከመቁጠር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። በቤታችን ስለ ትዳር የተሰበከ ካሴትና ሲዲ፣ ዛሬ ደግሞ በስልካችን የተጫነ ትምህርት ሞልቶ ይሆናል። የቬትናም እናቶች የተለወጡት ስለ ሽሪምፕ ሰምተው ሳይሆን ሽሪምፕ ለቅመው ነው። እጅ ያልነካው ትምህርት ልብ ውስጥ አይከርምም።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ሞክሮ መመዘን ነው። ሁለት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፤ ማንንም አያስፈራም። ቢሳካ ይቀጥላል፤ ባይሳካም ቤት አያፈርስም። አባቶች “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚረሳው ነው። ሥራው ወደ ሌሎች መንደሮች ሲስፋፋ አብሮ የሄደው የሽሪምፑ አሠራር አልነበረም። እያንዳንዱ መንደር የራሱን ልጆች መዝኖ፣ የራሱን ደህና ቤተሰቦች ፈልጎ፣ የራሱን መልስ እንዲያገኝ ተደረገ። በአንዱ ቦታ መልሱ ሰሊጥ፣ በሌላው ኦቾሎኒ ሆነ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የጎረቤትን ሽሪምፕ ወደ ቤታችን እናመጣለን። “እነ እገሌ ልጃቸውን እንዲህ አድርገው ነው የቀጡት”፣ “የእገሊት ባል እንዲህ ያደርጋል” እንላለን። ከሌላው ቤት ልንወስድ የሚገባን አፈላለጉን ነው፤ መልሱ የሚለቀመው ከራሳችን ማሳ ነው።

በባልና ሚስት መካከል

ስለ ትዳር በተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጆን ጎትማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባቸው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባለትዳሮችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደ መኖሪያ ቤት የተዘጋጀ የጥናት ክፍል ከፍተው፣ ባልና ሚስት እንደ ቤታቸው እያበሰሉና እየተጨዋወቱ ሲውሉ በቪዲዮ ይመለከቷቸው ነበር።

ጎትማን ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ብዙዎችን የሚያስደንቅ ነው። በባልና ሚስት መካከል ከሚነሡት አለመግባባቶች 69 በመቶ ያህሉ መፍትሔ አግኝተው የሚዘጉ ሳይሆኑ በየጊዜው የሚመለሱ ናቸው። አንዱ ቆጣቢ ሌላው ለጋስ ነው፤ አንዱ እንግዳ ይወዳል ሌላው ጸጥታ ይመርጣል። ደስተኛ የሆኑት ባለትዳሮችም እነዚህ ልዩነቶች አሏቸው። ሌሎቹን የሚለያቸው ስለ ልዩነቱ ሳይቆስሉ፣ አንዳንዴም እየሳቁ መነጋገር መቻላቸው ነው። እንግዲህ “ይህን ጉዳይ ዛሬ ካልዘጋን አንተኛም” እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሟገቱ ባለትዳሮች የማይዘጋ በር እየገፉ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ግኝት ስለ ትናንሽ ነገሮች ነው። ሚስት በመስኮት እያየች “ዛሬ ደመናው ከብዷል” ትላለች። ስለ አየር ጠባይ የምትናገር ይመስላል፤ ነገር ግን “እዚያ አለህ ወይ?” ማለቷ ነው። ባል ቀና ብሎ “እውነትሽን ነው” ሊል ይችላል፤ ዝም ብሎ ስልኩን ሊያይም ይችላል። ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ተከታትለው ሲያዩ፣ አብረው የቀሩት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ከመቶው 86 ጊዜ መልስ ይሰጡ የነበሩ ሲሆኑ፣ የተፋቱት ግን 33 ጊዜ ብቻ ይመልሱ ነበር። ትዳር በትልቅ ቀን በተደረገ ትልቅ ውሳኔ ብቻ አይጸናም። ሰው በየቀኑ እየተለወጠ ስለሚሄድ በየቀኑ ሊጠየቅ፣ ሊደመጥ ያስፈልገዋል። ከአሥር ዓመት በፊት ያገቧትን ሴት ጠባይ በቃሉ የሚያውቅ ባል የዛሬዋን ሚስቱን ላያውቃት ይችላል።

ርቀትና ስደት ሲጨመርበት

ይህ ሁሉ በተረጋጋ ቤት እንኳ ከባድ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ቤተሰቦቻችን በርቀት የተከፈሉ ናቸው። ልጇን ለእናቷ ትታ ለሥራ ወደ አረብ አገር የሄደች እህት ከዓመታት በኋላ ስትመለስ፣ ልጇ አያቱን “እማዬ” እያለ ያድጋል። ቤቱ እርስዋ በሌለችበት መኖርን ተምሯል፤ ባልም ወጪውን ብቻውን መወሰን ለምዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ “እንደ ቀድሞው እንሁን” ማለት ሁሉንም ያቆስላል፤ ቀድሞ የነበረው ቤት የለምና። ልጁ ከአያቱ እቅፍ ሳይነጠቅ እናቱን ቀስ እያለ የሚያውቅበት ጊዜ ያሻል። ባልም የለመደውን ውሳኔ እንደገና ማካፈል ይማራል፤ እርስዋም ያልነበረችበትን ዘመን ትጠይቃለች።

ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሄዱ ባልና ሚስትም ሌላ ፈተና ያገኛቸዋል። ሁለቱም በፈረቃ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አገር ቤት ሳሉ ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ባል የልጆቹን ምሳ መቋጠር ግዴታው ይሆናል። ልጆቹ ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለሚለምዱ፣ በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት አስተርጓሚ ይሆናሉ። አባት በልጁ አንደበት ሲናገር ሥልጣኑ የተነካ ሊመስለው ይችላል። “በአገራችን እንዲህ አልነበረም” የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደ ስተርኒን አነጋገር እውነት ሆኖ የማይጠቅም ሊሆን ይችላል። የሚጠቅመው ጥያቄ፣ በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ የፈረቃ ሥራ፣ በዚሁ ኑሮ ውስጥ ሆነው ማዕዳቸውን ያልተዉት፣ ከልጆቻቸውም ጋር በአማርኛ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? ምንስ ያደርጋሉ? የሚለው ነው።

በጉባኤ መካከልም

ቤተ ክርስቲያንም የሰዎች ስብስብ ናትና ከዚህ ውጭ አይደለችም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የምናነበውን እናስታውስ። የደቀ መዛሙርቱ ቁጥር በመብዛቱ የዕለት ምግብ አሰጣጡ ተቃወሰ፤ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች መበለቶቻቸው እንደተዘነጉ አጉረመረሙ። ችግሩን የወለደው ክፋት ብቻ ሳይሆን ዕድገትም ነበር። ለመቶ ሃያ ሰዎች ይበቃ የነበረው አሠራር ለሺዎች አልበቃም። ሐዋርያቱ ማጉረምረሙን ዝም አላሰኙም፤ እነርሱ ራሳቸውም ሁሉን እንደያዙ አልቀሩም። ጉባኤውን ሰብስበው፣ ሰባት ሰዎች ከመካከላቸው እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡት የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው ከተሰማበት ወገን የሆኑ ሰዎች መፍትሔው በእጃቸው እንደተሰጠ ብዙ አንባቢዎች ከዚህ ይረዳሉ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በገጠር የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጎረቤት ከጎረቤት የሚማርበትን መንገድ ተጠቅሟል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በቅድሚያ “ሞዴል ቤተሰብ” የሚባሉትን ያሠለጥኑ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አስከትበው የሚታዩ ቤተሰቦች ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆኑ ነው። ከከተማ የመጣ ሰው ከሚናገረው ይልቅ በእኔ መሬት፣ በእኔ ገቢ የሚኖር ጎረቤት የሠራው ያሳምናል። የአጥቢያ የባለትዳሮች ኅብረቶቻችንም ከመድረክ ትምህርት ሌላ፣ ባለትዳሮች ለባለትዳሮች ቤታቸውን የሚከፍቱበት ጊዜ ቢኖራቸው ምንኛ በጠቀመ!

የማይሞከር ነገር አለ

መስተካከል ማለት ግን ሁሉን መለወጥ ማለት አይደለም። የጋብቻ ቃል ኪዳን በየሁለት ሳምንቱ የሚመዘን ሙከራ አይደለም። እውነት መናገር፣ መታመን፣ ልጅን መውደድ እንደ ወቅቱ የሚቀያየሩ አይደሉም። የሚቀያየረው መንገዱ ነው። ዛፍ ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉን ያዘነብላል፤ ሥሩን ግን አይነቅልም።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዱላና ማስፈራሪያ ባለበት ቤት “እስቲ ትንሽ ሞክሪ፣ ራስሽን አስተካክዪ” ብሎ መምከር ጉዳትን ማራዘም ነው። እዚያ የመጀመሪያው ሥራ ተጎጂዋንና ልጆቿን ከአደጋ ማራቅ፣ ከሚመለከተውም አካል እርዳታ መጠየቅ ነው። ከባድ ሐዘን፣ ሱስና የአእምሮ ሕመም ባለበትም ባለሙያ ማማከር የእምነት ማነስ ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከየት እንጀምር?

በዚህ ወር በቤታችሁ መሞከር ብትፈልጉ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ በገንዘብ ጉዳይ ሁልጊዜ ትጣሉ እንበል። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ስለ ገንዘብ ያልተጣላችሁበትን ቀን አስታውሱ። ምናልባት ያ ቀን ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ነበር። ጠቡ የሚነሣው ደግሞ ማታ ሁለታችሁም ደክማችሁ ስትገቡ ነው። እንግዲያውስ ለሁለት ሳምንት የገንዘብ ወሬ ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይሁን ብላችሁ ተስማሙ። ስምምነቱን ጻፉት።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልፉ መዝኑ። ስንት ጊዜ ተጣላን? ከበፊቱ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል? ያልጠበቅነው ምን መጣ? ምናልባት ጠቡ ቀንሶ፣ ነገር ግን አንዳችሁ በሳምንቱ መካከል የተነሣን ወጪ መደበቅ ጀምራችሁ ይሆናል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ አዲስ እውቀት ነው። “አስቸኳይ የሆነ ወጪ በዚያው ቀን በአጭሩ ይነገር” ብላችሁ አስተካክላችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሂዱ። ከልጆች ጋርም እንዲሁ ይሆናል። የስልክ ሰዓትን ወላጅ ብቻውን ከመደንገግ ልጁ ራሱ አንድ ሐሳብ እንዲያመጣ፣ ለሁለት ሳምንት እንዲሞከር፣ ከዚያም አብሮ እንዲመዘን ማድረግ ይቻላል። ልጅ ራሱ የመዘነውን ነገር በቀላሉ አይጥለውም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ በመመዘኛው ቀን ጥፋተኛ አይፈለግ። የሚመዘነው ዘዴው እንጂ ሰውየው ወይም ሴትየዋ አይደለችም። “አንተ ነህ ያበላሸኸው” የሚል ቃል በገባበት ቤት ቀጣዩን ሙከራ የሚደፍር አይኖርም።

ለውይይት

1. በቤታችን ባለፈው ወር መልካም የሆነ አንድ ቀን የትኛው ነበር? በዚያ ቀን ምን የተለየ ነገር አደረግን?

2. ከሌላ ቤተሰብ ወስደን ያልሠራልን ዘዴ አለ? ለምን አልሠራልንም?

3. በየጊዜው የሚመለስብን፣ ምናልባትም የማይዘጋ ልዩነታችን የትኛው ነው? ሳንቆስል ልንነጋገርበት የምንችለው መቼ ነው?

4. በአጥቢያችን እንደ እኛ ባለ ኑሮ ውስጥ ሆነው ልጆቻቸውን በደስታ የሚያሳድጉ እነማን ናቸው? ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸውስ?